«እማዬ፣ እዚያማ ማንም ይገባል»

ጥያቄ፦ «ልጄ 12ኛ ክፍል ናት። የምንኖረው አሜሪካ ነው። ለስምንት ኮሌጆች አመልክታ ነበር። በጣም የምትፈልጋቸው ሦስቱ አልተቀበሏትም። ባለፈው ሳምንት ግን በስቴታችን ካሉት ዩኒቨርሲቲዎች አንዱ ተቀበላት። እኔ እልል አልኩ። ወዲያው እህቴ ጋ ደወልኩ። ልጄ ስልኩን ከእጄ ቀምታ ዘጋችው። ‹እማዬ፣ እዚያማ ማንም ይገባል። ለሰው እንዳትናገሪ፣ ታሳፍሪኛለሽ› አለችኝ። ያን ቀን እራት ሳትበላ ተኛች። ከቤታችን ኮሌጅ የምትገባ የመጀመሪያዋ ናት። ኬክ አዝዤ፣ ጥቂት ሰዎች ልጠራ አስቤ ነበር። ምን አጠፋሁ? ዝግጅቱን ልተወው ወይስ ላድርገው?»

መልስ፦

ውድ እናት፣ ምንም አላጠፉም። የልጅዎም ቁጣ በእርስዎ ላይ አይደለም። እዚሁ አሜሪካ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የኮሌጅ አማካሪ ሆኜ ስሠራ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። በየዓመቱ ማርች እና ኤፕሪል ላይ ይህንኑ አያለሁ። ወላጅ ሲደሰት ልጅ በሩን ዘግቶ ይተኛል። እርስዎ ያዩት «ተቀብለንሻል» የሚለውን ደብዳቤ ነው። እሷ ግን ከሦስቱ «አልተቀበልንሽም» ገና አልተላቀቀችም። እልልታዎ የደረሰው ለቅሶ ቤት ነው ማለት ይቻላል።

በዚህ ሰሞን የአንድ 12ኛ ክፍል ተማሪ ስልክ ውስጥ ምን እንዳለ ልንገርዎት። ተማሪዎች ውጤታቸውን ፖርታል ላይ ሲከፍቱ ራሳቸውን ቪዲዮ ይቀርጻሉ። መልሱ ጥሩ ከሆነ ስክሪኑ ላይ ባለ ቀለም ብጥስጣሽ ወረቀት ይዘንባል። ልጁ ይጮኻል፣ ቤተሰቡ ይዘላል፣ ቪዲዮው ይለጠፋል። በብዙ ትምህርት ቤቶች ተመራቂዎቹ ራሳቸው የሚከፍቱት የኢንስታግራም ገጽም አለ። የእያንዳንዱ ልጅ ፎቶ ከሚገባበት ኮሌጅ ስም ጋር ይወጣበታል። ከዚያ ሜይ 1 ይመጣል። አብዛኞቹ ኮሌጆች «ትመጣለህ ወይስ አትመጣም?» የሚለውን የመጨረሻ መልስ የሚጠብቁት በዚያ ቀን ነው። በዚያ ሰሞን ተማሪው የኮሌጁን ሹራብ ለብሶ ትምህርት ቤት ይመጣል።

ሹራቡ ላይ ያለው ስም ታዋቂ ከሆነ ቀኑ ሰርግ ነው። ካልሆነ ግን ልጁ አንድ ነገር እየጠበቀ ነው የሚውለው። ሰው የኮሌጁን ስም ሰምቶ «ኦ... ጎበዝ» ሲል ድምፁ ትንሽ ዝቅ ይላል። ልጆቹ ያቺን «ኦ» ከሩቅ ይለዩዋታል። አንድ ተማሪዬ እንዲህ ብሎኝ ነበር፦ «ስሙን ስነግራቸው ቀጥለው የሚጠይቁኝ ‹ሌላስ የት አመልክተህ ነበር?› ብለው ነው።» ሹራቡን ገዝቶ ቦርሳው ውስጥ ይዞት ነበር የመጣው። ቀኑን ሙሉ ሳይለብሰው ይዞት ተመለሰ።

እኛ ለዚህ ስሜት ስም አለን። ይሉኝታ ነው። ልጅዎ ቃሉን በአማርኛ ላታውቀው ትችላለች። ስሜቱን ግን አሳምራ ታውቀዋለች። እርስዎ ለአክስቷ ሲደውሉ እሷ የሰማችው የደስታ ዜና አይደለም። ያቺን «ኦ» ከአንድ ተጨማሪ ሰው ልትሰማ እንደሆነ ነው የታወቃት።

ሆኖም ዝም የሚል ልጅ ሁሉ አፍሮ አይደለም። አንዳንዱ የቅርብ ጓደኛው ከሁሉም ቦታ ስለተከለከለ ፊቱ ላይ መደሰት ይከብደዋል። ይህ ጨዋነት ነው፣ ሊመሰገን ይገባል። አንዳንዱ ደግሞ ይህን ኮሌጅ ካከበርኩ ሕልሜ ማለቁን ፈረምኩ ማለት ነው ብሎ ይፈራል። በተለይ ዌይትሊስት ላይ፣ ማለትም ቦታ ከተገኘ እንቀበልሃለን በተባሉት ተጠባባቂዎች ዝርዝር ውስጥ፣ ስሙ ያለ ልጅ እንዲህ ያስባል። ስለዚህ የልጅዎን ልብ እኔ ከዚህ ሆኜ መገመት አልችልም። እርስዎ ግን መጠየቅ ይችላሉ። «ለምን አትደሰቺም?» ብለው አይጠይቋት፤ ወቀሳ ሆኖ ይሰማታል። «ማን እንዳይሰማብሽ ነው የፈለግሽው?» ይበሏት። የምትጠራው ስም ብዙ ነገር ይነግርዎታል። አክስቷ ከሆነች አንድ ነገር ነው፤ አንዲት የክፍል ጓደኛዋ ከሆነች ሌላ ነገር ነው።

አሁን ወደዚያች «ማንም ይገባል» ወደምትለው ቃል ልምጣ። ብዙ ልጆች የሚታመሙባት እሷ ላይ ነው።

በዚህ አገር አንድ ኮሌጅ ሲነሳ ቶሎ የሚጠራው ቁጥር ከመቶ አመልካች ስንቱን ይቀበላል የሚለው ነው። ቁጥሩ ባነሰ መጠን ኮሌጁ የተሻለ ይመስላቸዋል። ነገር ግን ሃርቫርድ ላይ የሆነውን ይመልከቱ። በ2020 መልስ ሲሰጥ የአመልካቾቹ ቁጥር 40,248 ነበር፤ የተቀበለውም ከመቶ 5 የማይሞሉትን ነው። በማግስቱ ዓመት፣ በ2021፣ አመልካቾቹ 57,435 ደረሱ። ተቀባይነት ያገኙት ድርሻ ከመቶ 3.4 ገደማ ሆነ። በአንድ ዓመት ውስጥ ትምህርቱ በዚያ መጠን ተሻሻለ? አልተሻሻለም። ወረርሽኙ መጣ፣ ኤስኤቲ የሚባለውን የኮሌጅ መግቢያ ፈተና ውጤት ማስገባት ግዴታ መሆኑ ቀረ፣ «እስኪ ልሞክር» ያለው ሁሉ አመለከተ። ተቀባይነት ያገኙት ግን በሁለቱም ዓመት ወደ 2,000 የሚጠጉ ናቸው። ስለዚህ ይህ ቁጥር ስንት ሰው በሩን እንዳንኳኳ ነው የሚነግረን። ውስጥ ማን እንደሚያስተምር፣ ተማሪውን ማን እንደሚከታተል አይነግረንም።

ሌላም ላክልልዎት። ፒው የተባለው የጥናት ማዕከል በ2019 የአሜሪካን የአራት ዓመት ኮሌጆች አይቶ ነበር። ከ1,364ቱ ውስጥ ከመቶ አመልካች አሥር እንኳ የማይቀበሉት 17 ብቻ ናቸው። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ደግሞ ከሦስት አመልካቾች ሁለቱን ወይም ከዚያ በላይ ይቀበላሉ። ልጅዎ የምታፍርበት ዓይነት ኮሌጅ እንግዲህ አብዛኛው ኮሌጅ ማለት ነው። የልጅዎ ስልክ ግን ቀኑን ሙሉ የሚያሳያት አሥራ ሰባቱን ነው።

«ማንም» የምትለው ቃል ሌላም ጉዳት አላት። በክፍሏ ውስጥ ያ ኮሌጅ የመጀመሪያ ምርጫው የሆነ ልጅ አለ። ከሥራ በኋላ ሌሊት እያጠና ማመልከቻውን የጻፈ፣ መልሱን ሲያይ ያለቀሰ ልጅ አለ። ልጅዎ «ማንም ይገባል» ስትል ያ ልጅ አጠገቧ ቆሞ ሊሆን ይችላል። ይህን ለተማሪዎቼ ረጋ ብዬ፣ ነገር ግን ሳላለዝብ እነግራቸዋለሁ። ብዙዎቹ ደንግጠው ዝም ይላሉ። እንዲህ ብለው አስበውት አያውቁም ነበር።

ይህን ሁሉ የጻፍኩት ለእርስዎ ነው። እባክዎ ዛሬ ማታ ወስደው አያንብቡላት። የመጀመሪያው ሳምንት የክርክር ሳምንት አይደለም። ያዘነ ሰው በቁጥር አይጽናናም። ለአራት ዓመት ከምሽቱ አምስት ሰዓት ድረስ መብራት አብርታ የተቀመጠች ልጅ «አንቺን አንፈልግም» የተባለች ነው የሚመስላት። ለጥቂት ቀን ትዘን። «እሱ ያላለው ነው» ብለው ቶሎ አይዝጉባት። «በጣም ፈልገሽው ነበር አይደል?» ብለው አብረዋት ይቀመጡ። አንዳንዴ ከዚህ በላይ የሚያስፈልግ ነገር የለም።

ነገሩ ሲበርድ ግን እውነቱን ሙሉውን ልታውቅ ይገባል። የኮሌጅ ስም ምንም አይጠቅምም ብዬ አልዋሽዎትም። ስቴሲ ዴል እና አለን ክሩገር የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በ2002 ያሳተሙት የታወቀ ጥናት አለ። ተመሳሳይ ኮሌጆች አመልክተው ተመሳሳይ መልስ ያገኙ፣ በመጨረሻ ግን የተለያየ ቦታ የገቡ ተማሪዎችን ገቢ አወዳደሩ። በአማካይ የረባ ልዩነት አላገኙም። ልጁ የያዘው ትጋትና ችሎታ የትም ቢገባ አብሮት ይሄዳል ማለት ነው። ቆይተው በሠሩት ጥናት ግን ለጥቁር እና ለሂስፓኒክ ተማሪዎች፣ እንዲሁም ወላጆቻቸው ብዙ ላልተማሩ ልጆች ስመ ጥር ኮሌጅ መግባት ጥቅም እንዳለው አዩ። በ2023 የወጣው የራጅ ቼቲ እና የባልደረቦቹ ጥናትም ወደዚህ ይቀርባል። በጣም ስመ ጥር ኮሌጅ መግባት አማካይ ገቢን ብዙም አይለውጥም። በገቢ ከሁሉም በላይ ካሉት ከመቶ አንዱ የመሆን ዕድልን ግን ከፍ ያደርጋል።

ይህ የእርስዎን ልጅ ይመለከታል፣ ስለዚህ አልደብቅዎትም። ስመ ጥር ኮሌጅ ከቤተሰቡ ሰው ለማያገኝ ልጅ የሚሰጠው ትልቁ ነገር ሰው ይመስለኛል። የሚያስተዋውቀው፣ የሚደውልለት፣ «እዚህ አመልክት» የሚለው ሰው። ልጅዎ በምትገባበት ዩኒቨርሲቲ ይህን ሰው ፈልጋ ማግኘት አለባት። አይከብድም፣ ግን ራሱ አይመጣም። ከቤተሰባቸው የመጀመሪያ ሆነው ኮሌጅ ለሚገቡ ተማሪዎች በፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚሠራ ትሪዮ የሚባል ፕሮግራም በብዙ ኮሌጆች አለ። ገና ሳትጀምር ትጠይቅ። በ2014 ከ30,000 በላይ የኮሌጅ ምሩቃን የተጠየቁበት የጋለፕ እና የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ጥናት ነበር። በኋላ በሥራቸውና በኑሯቸው ደህና የሆኑት በብዛት የሚያስብላቸው መምህር የነበራቸው፣ ሕልማቸውን የሚያበረታታ መካሪ ያገኙ ናቸው። የኮሌጁ ዓይነት ያን ያህል ለውጥ አላመጣም።

ከመግባቱ ይልቅ እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ መጨረሱ ነው። ማንንም በሚቀበሉ የአራት ዓመት ኮሌጆች ውስጥ በስድስት ዓመት የሚመረቀው ከመቶ 30 ገደማ ነው። በጣም በሚመርጡት ደግሞ ወደ 90 ይደርሳል። የዚህ ልዩነት አንዱ ምክንያት ተማሪው ራሱ ነው። ቀን እየሠራ፣ ልጅ እያሳደገ የሚማረው የቱ ጋ እንደሚበዛ መገመት አያዳግትም። በመካከል ግን ብዙ ዩኒቨርሲቲ አለ፣ አንዱ ከሌላው በጣም ይለያያል። የአሜሪካ ትምህርት ሚኒስቴር ኮሌጅ ስኮርካርድ የሚባል ነጻ ድረ ገጽ አለው። የኮሌጁን ስም አስገብታችሁ ስንቱ እንደሚመረቅ፣ ቤተሰብ በገቢው መጠን በእርግጥ ስንት እንደሚከፍል፣ ተመራቂው ስንት ዕዳ ይዞ እንደሚወጣ ታያላችሁ። አብራችሁ ተቀመጡና እዩት። ቁጥሩ ጥሩ ከሆነ ልጅዎ የምትኮራበት እውነተኛ ምክንያት አገኘች። ካልሆነም ከሜይ 1 በፊት ማወቁ ይሻላል፤ ከስምንቱ ሌላ የተቀበላት ካለ ማወዳደር ይቻላል።

አሁን ወደ ድግሱ። አንድ ቤተሰብ ላንሳልዎት፤ ይህ ታሪክ ከሐሳቤ አይወጣም። የመጀመሪያው ልጅ ልክ እንደ እርስዎ ልጅ ሰው ብዙም የማያወራለት የስቴት ዩኒቨርሲቲ ገባ። «ምንም አታድርጉልኝ» አለ። ወላጆቹም ቃሉን አክብረው ምንም አላደረጉም። ከሁለት ዓመት በኋላ ታናሽ እህቱ አገር የሚያውቀው ኮሌጅ ገባች። ቤቱ በሰው ተሞላ፤ ፊኛ ተንጠለጠለ፤ አባትየው ንግግር አደረገ። ልጁ ለእረፍት መጥቶ ወንበር ሲያመላልስ ዋለ። ማታ እናቱን አንድ ነገር ጠየቃት። «እኔስ?» አላት። እናትየው «አንተ እኮ አትፈልግም አልክ» አለችው። «አዎ፣ ብዬ ነበር» አለና ወጣ። እናትየው እያለቀሰች ነው ይህን የነገረችኝ።

ልጁ አልዋሸም። ያኔ ድግስ አልፈለገም። የፈለገው ወላጆቹ በእሱ እንደሚኮሩ ማየት ነበር። «ተዉት» ሲል ደግሞ ምናልባት እነሱም እንዳፈሩበት እየፈተነ ነበር። ዝም ሲሉት መልሱን ያገኘ መሰለው። ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው፦ ሰው መጥራቱን ይተዉት፤ ማክበሩን ግን አይተዉት።

እንዴት ለሚለው፣ ከራሳችን ቋንቋ ልነሳ። እኛ ለእንዲህ ዓይነት ቀን መጀመሪያ አፋችን ላይ የሚመጣው «እንኳን ደስ አለሽ» ነው። ውብ ቃል ነው። ግን ልብ ብለው ያድምጡት። ደስ ብሎሻል፣ እኔም በደስታሽ ተደሰትኩ ማለት ነው። ልጅዎ ደግሞ አልተደሰተችም። ቃሉ የሚያርፍበት ቦታ አጣ። አንዲት ተማሪ «ደስ ሳይለኝ ደስ አለሽ ሲሉኝ ውሸታም የሆንኩ ይመስለኛል» ብላኝ ነበር።

ሌላ ቃል አለን። «እንኳን ለዚህ አበቃሽ።» ይህ ቃል ስለ ኮሌጁ ስም ምንም አይልም። ስለመጣችበት መንገድ ነው። 9ኛ ክፍል አልጀብራ ያስለቀሳት ሌሊት፣ ቅዳሜ እየሠራች የጻፈቻቸው ማመልከቻዎች፣ ለእርስዎ የመንግሥት ደብዳቤ እየተረጎመች ያደገችባቸው ዓመታት፣ ሁሉም እዚያ ውስጥ አሉ። ሦስቱ ኮሌጆች ቢቀበሏትም ባይቀበሏትም ያን መንገድ መጥታለች። እሱን ማንም ሪጀክት ሊያደርግባት አይችልም። ይህን ሲነግሯት ዝርዝሩን ይንገሯት። «ጎበዝ ነሽ» ብቻ አይበቃም። አንድ ቀን ያዩትን፣ እሷ ያላየች የመሰላትን ነገር ያንሱ። ልጆች የሚይዙት ያንን ነው።

ኬኩን አብራችሁ ብሉት። ሁለታችሁ ወይም ቤት ውስጥ ያላችሁት ብቻ። የኮሌጁን ስም አያስጽፉበት፣ የእሷን ስም ያስጽፉ። ፎቶ ከማንሳትዎ በፊት ይጠይቋት። ካነሱም ያለ ፈቃዷ የትም አይለጥፉት። ይህን ካከበሩላት ሌላውን ለመፍቀድ ይቀላታል።

ለእህትዎ ምን ይበሉ? በመጀመሪያ ልጅዎን «ለአክስትሽ ምን ልንገራት? አንቺ ብትነግሪያት ይሻልሻል?» ብለው ይጠይቋት። ዜናው የእሷ ነውና። አንድ ነገር ግን አጥብቄ እለምንዎታለሁ። ለሰው ሲናገሩ «ለአንድ ዓመት ነው፣ ከዚያ ትዛወራለች» አይበሉ። ብዙ ወላጅ ልጁን ለማገዝ ብሎ ይህን ይላል። «ሙሉ ስኮላርሺፕ ስለሰጧት ነው እንጂ...» የሚልም አለ። ልጅቷ ከጓዳ ሆና ትሰማለች። እናቴም ይቅርታ እየጠየቀችልኝ ነው ብላ ትረዳዋለች። መዛወር ከፈለገች አንድ ቀን ራሷ ታነሳዋለች። እርስዎ «ኮሌጅ ልትገባ ነው» ብለው ድምፅዎን ሳይቀንሱ ስሙን ይጥሩ። ያቺ «ኦ» ከሌላው ሰው ብትመጣ እንኳ ከእናቷ አፍ እንዳልመጣች ትወቅ።

ከዚህ ሌላ በኤፕሪል አንድ ቀን ነጻ ያድርጉ። አብዛኞቹ ኮሌጆች የተቀበሏቸውን ተማሪዎች ጠርተው ግቢውን የሚያስጎበኙበት ቀን አላቸው። አብረው ይሂዱ። እስካሁን ኮሌጁ ለእሷ ስምና ቁጥር ብቻ ነው። እዚያ ስትሄድ ቤተ መጻሕፍቱን ታያለች፣ ከመምህር ጋር ታወራለች፣ ቦታውን በጣም ከሚወዱት ልጆች ጋር ምሳ ትበላለች። ሹራብ እገዛልሻለሁ ብለው አያስቸኩሏት። ቦታውን ከወደደችው ሱቁ ግቢው ውስጥ ነው፣ ራሷ ትገባለች።

ከዚያ ሲመለሱ መኪና ውስጥ ሰው ስለመጥራቱ አንዴ ብቻ ይጠይቋት። ሐሳቧ ተለውጦ ሊሆን ይችላል። «አሁንም አልፈልግም» ካለች እሺ ይበሏት። የ12ኛ ክፍል ምረቃዋ ጥቂት ሳምንታት ነው የቀሩት። ያን ቀን መድረክ ላይ ስሟ ሲጠራ ማንም የኮሌጅ ስም አይጠይቅም። እልልታዎን ለዚያ ቀን ያቆዩት፤ ከአዳራሹ ጫፍ እስከ ጫፍ ይሰማ።